የተቆረጠው የመቃ ምላስ

ዴርቭላ ኪኒ መቀመጥ የማይሆንላት ሰው ናት። ሻይ ቆማ ትጠጣለች፤ ድንች ቆማ ትልጣለች፤ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሰው ሁሉ ተንበርክኮ ሳለ የእሷ ተረከዝ ወለሉን ይመታል። ጣቶቿ ጠረጴዛ ካገኙ ጠረጴዛውን፣ ካጡ የገዛ ጉልበቷን ይደልቃሉ። እናቷ፣ «ይህች ልጅ የተወለደች ለት ነፋሱ ጣሪያችንን ሊያነሳው ደርሶ ነበር፤ ከዚያ የት እንደገባ ማንም አልጠየቀም፤ እሷ ውስጥ ነው የገባው» ትል ነበር። ዴርቭላ ሠላሳዎቹን ተሻገረች፤ ነፋሱ ግን አልወጣም።

የምትሠራው ኪሊቤግስ ወደብ ላይ ካለ የዓሣ ፋብሪካ ነው። በረዶ ላይ የተደረደረውን ማኬሬል የሚባል ዓሣ በቀጭን ቢላዋ ከጭንቅላቱ ሥር ትወጋና በአንድ ስበት ሥጋውን ከአጥንቱ ትለየዋለች። ዓይኗ ሌላ ቦታ ነው፤ እጇ ብቻውን ያውቃል። ከጎኗ የምትቆመው ሪታ፣ በዚያ ጠረጴዛ ላይ ጥርሷን የነቀለች ሴት፣ ሁልጊዜ ትነካካታለች።

«አንቺ ሴትዮ፣ ዓሣው እኮ ሞቷል! እንዳያመልጥሽ ነው?»

«የማመልጠውስ እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው ስታመልጪ ቢላዋሽን ትተሽልኝ ሂጂ፤ ከኔ ይልቅ ያንቺ ይስላል።»

ይህችን የነፋስ ልጅ በልጅነቷ ያሰራት ሰው ቢኖር አጎቷ ዩናን ነው። የእናቷ ታላቅ ወንድም ነው፤ ቲሊን በምትባል መንደር፣ ገደሉ ወደ ባሕር ከሚወርድበት አፋፍ ላይ ይኖራል። ጀልባ ጠጋኝ አናጢ ነበር፤ አገር የሚያውቀው ግን በወናፍ ዋሽንቱ ነው። የወናፍ ዋሽንት በአፍ አይነፋም። ትንሿ ወናፍ ከቀኝ ክንድ ጋር በቀበቶ ትታሰራለች፤ የቆዳው ከረጢት ግራ ብብት ሥር ይገባል፤ ሦስቱ አጃቢ ቱቦዎች ጭን ላይ ተጋድመው አንዲቱን ድምፅ ሳያቋርጡ ያንጎራጉራሉ፤ ዜማውን የሚያወጣው ዋናው ዋሽንት ደግሞ ጉልበት ላይ ይቆማል። ሰውየው እንደ ፈረስ ተጭኖ ነው የሚጫወተው። ዩናን የስምንት ዓመቷን ዴርቭላ ወንበር ላይ አስቀምጦ፣ ወናፉን ክንዷ ላይ አሰረና፣ «በይ አሁን ሩጪ» አላት።

መሮጥ አልቻለችም። እንደዚያ ሆና ክንዷን ስትጫነው፣ በውስጧ ሲዞር የኖረው ነፋስ በከረጢቱ አልፎ፣ በዋሽንቱ ውስጥ ባለው የመቃ ምላስ መካከል ተላውሶ፣ ለቅሶ ሆኖ ወጣ። ልጅቱ ደንግጣ እጇን አነሳች።

«ማነው ያለቀሰው?»

«እኔ እንጃ» አላት አጎቷ። «አንቺ ነሽ የጫንሽው።»

ያ ዋሽንት ከሌሎች ዋሽንቶች ዝቅ ብሎ የሚናገር ነው። ማን እንደሠራው አይታወቅም፤ ድምፁ ዛሬ ሙዚቀኛ ሁሉ ከሚስማማባቸው ድምፆች በአንዱም ላይ አይቆምም፤ በሁለቱ መካከል፣ ማንም በሌለበት ቦታ ብቻውን ይኖራል። የመቃውን ምላስ ግን ዩናን ራሱ ነው የሠራው፤ ሚስቱን ኑአላን ባገባበት ክረምት። ሁለት ቀጫጭን የመቃ ፍልጦች ፊት ለፊት ተገጥመው፣ ሥራቸው በመዳብ ቱቦ ላይ በክር ተጠምጥሞ፣ ወገባቸው በመዳብ ቀለበት ታስሮ፣ ከትንሽ ጣት ባልበለጠ ነገር ውስጥ የዋሽንቱ ነፍስ ሁሉ ታድራለች። የመሣሪያው ሌላው ነገር እንጨትና ቆዳ ነው።

ኑአላ ሞተች። ዓመት ሳይሞላ ዩናንን ስትሮክ መታው፤ ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ አለ። አንድ ቀን ዴርቭላን አስጠርቶ ዋሽንቱን ከነሣጥኑ ጭኗ ላይ አስቀመጠላት።

«ውሰጂው። ከረጢቱ ቢቀደድ ይሰፋል፤ ቱቦው ቢሰበር ይጠረባል። ምላሱን ግን እንዳትነኪብኝ። ምላሱን የሚሠራው እጅ ይኸው፣ ተኝቷል።» እንደ እንግዳ ሰው እጅ አድርጎ ቀኝ እጁን በግራው አነሳና መልሶ አስቀመጠው።

ዴርቭላ ግን ሌላም ፍቅር ነበራት። ገና ትምህርት ቤት ሳለች፣ ለማኬሬል ወደቡን ከሚያጣብቡት የኖርዌይ መርከቦች ከአንዱ የወረደ ወጣት መርከበኛ፣ ሲጋራ ላቀበለችው ውለታ አንድ ካሴት ሰጣት። ቤቷ ወስዳ ብትከፍተው፣ እንደ ዝናብ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚወርድ የጊታር ውርጅብኝ፣ ከሥሩ የሚጋልብ ድራም፣ ከላዩ ጉሮሮው እስኪደማ የሚጮህ ሰው። ሌላ ሰው ቢሆን ጆሮውን ይይዝ ነበር። እሷ ግን ወደ ማጫወቻው ጎንበስ አለች። በውርጅብኙ ሥር አንድ ድምፅ፣ ሳይወጣ ሳይወርድ፣ ሳያቋርጥ ያንጎራጉራል።

«ይሄ እኮ የአጎቴ የዩናን አጃቢ ቱቦ ነው!» አለች ለብቻዋ።

ሙዚቃው ብላክ ሜታል እንደሚባል በኋላ ነው ያወቀችው። ሰዎች ጩኸት ይሉታል፤ እሷ ግን በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ከውስጧ ነፋስ እኩል የሚሮጥ ነገር አገኘች። ያረፈችም መሰላት፤ ከእርሱ ጋር ስትሮጥ።

ዓመታት አልፈው ሦስት ሰዎች አገኘች። የጀልባ ሞተር የሚጠግነው ፌሊም ጊታር ይመታል፣ ይጮሃልም። ኦራን ሁለተኛውን ጊታር ይዟል። ብሮና በሆስፒታል የነርስ ረዳት ሆና ቀኑን ሙሉ ሰው ስታገላብጥ ውላ ማታውን ድራም ትገርፋለች። ቡድናቸውን «ጥቁር ማዕበል» አሉት። ዓሣ አጥማጆች በተዉት የመረብ ማከማቻ ውስጥ ይለማመዳሉ፤ ግድግዳው እስከ ዛሬ ጨውና ሬንጅ ይሸታል። መድረክ ላይ ሲወጡ ፊታቸውን በነጭና በጥቁር ቀለም ይቀባሉ።

ዩናን ፎቶግራፋቸውን ያየ ቀን መነጽሩን ሁለት ጊዜ ወለወለ።

«ምነው ዱቄት ተቀባችሁ? ዳቦ ልትጋግሩ ነው?»

«ሞትን ለመምሰል ነው፣ አጎቴ።»

«ምን አስቸኮላችሁ? ትንሽ ብትታገሡ ራሱ ይመጣል።»

ሳቀች፤ እሱም ሳቀ። ዋሽንቱን ወደዚያ መውሰዷን ግን አልከለከላትም። «ለቅሶ ያውቃል፤ ጩኸት የሚያውቅ አይመስለኝም። ሞክሪው» ብቻ አላት።

የሞከረችውም ለቅሶውን ነበር። የቲሊን አሮጊቶች ባሕሩን እየወቀሱ ለሰመጡ ልጆቻቸው ያለቀሱት፣ ዩናን ጣት በጣት ያስተማራት ዜማ ነው። ፌሊም ቃሉን እንደ ቆሰለ አውሬ ይጮኸዋል፤ እሷ ከሥሩ ትነፋለች፦

ጀልባውን መለስከው መቅዘፊያውም መጣ፣
ምነው ልጄ ብቻ ካንተ ቤት ሳይወጣ?
ደጁን አልዘጋሁም ፋኖሱም አልጠፋ፣
ውሃ የወሰደውን ስጠብቅ በተስፋ።

መድረክ ላይ ሁሉም በሞቀ ስሜት ስለሚጮህ፣ የዋሽንቱና የጊታሮቹ ድምፅ አለመገጣጠሙን ጆሮ ይቅር ይላል። ክፉው ነገር የመጣው ሊቀረጹ የወሰኑ ጊዜ ነው። ፌሊምና ኦራን የጊታሮቻቸውን ድርሻ ቀድመው ቀረጹ። ቀጥሎ ዴርቭላ ተጭና ተቀመጠችና ለቅሶውን ነፋች። የተቀረጸውን ከፈቱት። ጊታሩና ዋሽንቱ አንድ መንገድ ላይ እንደሚሄዱ፣ ግን እንደተኳረፉ ባልና ሚስት ነበሩ።

«ዴርቭላ፣ ዋሽንትሽ ወርዷል» አለ ፌሊም።

«አልወረደም። የተሠራው እዚያ ነው።»

«እሺ፣ የተሠራበት ቦታ ወርዷል። ጥፍር ታህል ከፍ አይልልሽም?»

«እንደ ጊታር በመዘውር የሚጠመዘዝ መሰለህ?»

ፌሊም ክፉ ሰው አይደለም፤ የቸኮለ ሰው ነው። የጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ ዓይኑን እያሸ፣ «ካልሆነ ችግር የለውም፤ በኮምፒውተር የዋሽንት ድምፅ እናስገባለን። ማን ይለየዋል?» አለ።

ዴርቭላ ወናፉን ከክንዷ ፈታች። ማድረግ የነበረባትን ታውቃለች፤ በአጎቷ ቤት ከልጅነቷ ጀምሮ ስታየው የኖረችው ነገር ነው። ግን እነዚህን ሰዎች «ስንት ወር የለፋችሁበትን ሥራ ለእኔ ስትሉ አፍርሱ» ማለት አፏ ላይ ከበዳት። በቡድኑ ውስጥ በመጨረሻ የመጣችው እሷ ናት። አንዲት ቃል ብትናገር፣ «እንግዲያው ይቅርብን» የሚሉ መሰላት። ማን ይለየዋል የሚለው ቃል ቤቷ ድረስ ተከትሏት ገባ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ነበር። ዝናቡ በመስኮቱ ላይ በአግድሞሽ ይመታል። ዴርቭላ ከኩሽና ወደ ሳሎን፣ ከሳሎን ወደ ኩሽና ትመላለሳለች። ምድጃ ላይ ውሃ ጣደች፤ ፈላ፤ ረሳችው። ሣጥኑን ከፈተች፤ ዘጋች። ኋላ ዋናውን ዋሽንት ከመሰኪያው ነቅላ የመቃውን ምላስ አወጣችውና ብርሃን ላይ ያዘችው። እንደ ማር ቢጫ ነው።

የመቃ ምላስ ጫፉ ሲቆረጥ ድምፁ ወደ ላይ ይወጣል፤ ይህን ዋሽንት የያዘ ሁሉ ያውቃል። የተቆረጠ እንደማይቀጠልም ሁሉ ያውቃል። ዴርቭላ ግን በቀን ስንት ዓሣ የሚሰነጥቅ፣ አንድም ቀን አሳፍሯት የማያውቅ እጅ አላት። የፀጉር ያህል ብቻ፣ አለች። ቢላዋዋን ሳለች። ቆረጠች።

መልሳ ሰክታ ነፋች። በስልኳ ላይ ያለው ድምፅ መለኪያ ትንሽ ከፍ አለ፤ አልደረሰም። ደግማ ቆረጠች። ቀረበ። ሦስተኛውን ስትቆርጥ እጇ አልተንቀጠቀጠም፤ የሚያሳዝነውም ይኸው ነው። መለኪያው አረንጓዴ ሆነ። ከጊታሩ ጋር እኩል! ዴርቭላ ብቻዋን ኩሽናው ውስጥ ጮኸች፣ ጨፈረችም።

ከዚያ ለቅሶውን ጀመረችው።

የታችኛው ድምፅ ውሃ እንደገባው ጉሮሮ ተንገጫገጨ። የላይኛው አልመጣም፤ ክንዷን ብትጫን፣ ብትለምን፣ እንደ ቆርቆሮ ጯ ብሎ ተሰበረ። መካከል ላይ ያለችው፣ «ልጄ» የምትለዋ ድምፅ፣ ሰው ሊናገር ሲል ሳግ የያዘው ዓይነት የምትንቀጠቀጠዋ፣ ጨርሳ የለችም። የመዳብ ቀለበቱን አጠበቀች፤ አላላች። በትንፋሿ አሞቀችው። ጣውላው ላይ የወደቁትን ሦስት ብናኞች በጣቷ ጫፍ ለቅማ መዳፏ ላይ አየቻቸው። ትንፋሿ እንዳይወስዳቸው አፏን ያዘች፤ ከዚያ ምን እንደሚፈይዱ ለራሷም ግራ ገባት። ለብቻዋ አንጎራጎረች፦

ነፋስ ሆይ ዝም በል ጥቂት አሳርፈኝ፣
ልቤ ደጅ አደረ እኔን ቤት ጥሎኝ።

በማግስቱ ፋብሪካ ውስጥ ሪታ ከጎኗ ቀና ብላ አየቻት።

«ዛሬስ ዓሣው ሊያመልጥሽ ነው። ምን ሆንሽ?»

«ምንም።»

«ምንም የሆነ ሰው እንዲህ በዝግታ አይቆርጥም። ሰው ሞተ?»

ዴርቭላ አሰበችበት። «እኔ እንጃ፣ ሪታ። ሳይሞት አልቀረም።»

ሪታ ሌላ አልጠየቀችም፤ ከራሷ ፊት ያለውን ዓሣ ትታ ከዴርቭላ ፊት የተከመረውን ግማሹን ወደ ራሷ ሳበችና መቁረጧን ቀጠለች።

በየሳምንቱ ረቡዕ ሥራ ስትጨርስ ቲሊን ወጥታ ለአጎቷ መንፋት ልማዷ ነው። በዚያ ረቡዕ ሁለት ጊዜ መኪናዋን ከመንገድ ዳር አቁማ ልትመለስ ቃጣት። መጨረሻ ላይ ሣጥኑን ሳይሆን ምላሱን ብቻ በመሀረብ ጠቅልላ ገባች። ከረግረጉ ተቆርጦ ለማገዶ የደረቀው አፈር ምድጃው ውስጥ ይጨሳል። ዩናን በተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ ሆኖ መስኮቱን ያያል።

«ሣጥኑስ?»

«አጎቴ...»

«ሣጥኑስ አልኩሽ?»

መሀረቡን ፈታ ሰጠችው። በግራ እጁ ተቀበለና ከከንፈሩ አስገብቶ ነፋው። ዋሽንት ውስጥ ሳይገባ እንዲህ ብቻውን ሲነፋ፣ ጤነኛ ምላስ እንደ ቁራ ይጮሃል፤ ይኼ ግን እንደ ጫጩት ጪው ጪው አለ። ዩናን ከአፉ አውጥቶ ጫፉን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። 

«ስንት ጊዜ ቆረጥሽው?»

«ሦስት።»

«አንዴ የቆረጠ ሰው ሞኝ ነው። እኔም በዕድሜዬ አንዴ ቆርጫለሁ። ሦስቴ የቆረጠ ግን የፈራ ሰው ነው። ማንን ፈርተሽ ነው?»

ያኔ ሁሉን ነገረችው። ስለ ጊታሮቹ፣ ስለ ኮምፒውተሩ፣ ማን ይለየዋል ስለተባለው። ስትናገር ከወንበር ተነስታ ክፍሉን ትዞራለች። እሱ በዓይኑ እየተከተላት ቆየና በድንገት ወንበሩን በደህና እጁ ደበደበው።

«ቁጭ በይ! እዚህ ቤት ቫዮሊን የያዙ ሰዎች ሲመጡ ምን ያደርጉ ነበር?»

«ክራቸውን ያላሉ ነበር።»

«እስከ የት?»

«እስከ ዋሽንቱ።»

«ለምን? እኔ ንጉሥ ስለሆንኩ ነው?»

«አይደለም። ክር ይላላል፣ ይጠብቃል። መቃ ግን... አይሆንለትም። የሚችለው ወደማይችለው ይወርዳል።»

«የኪሊቤግሱ ቫዮሊኒስት፣ ያ አፍንጫው ጣሪያ የሚነካው ሰውዬ እንኳ፣ ከዚህ ደጃፍ ሲገባ ክሩን አላልቶ ነው የተቀመጠው። ታዲያ የእነዚህ የዱቄታሞቹ ጊታር ክር የለውም?»

ዴርቭላ ወደ ምድጃው ዞረች።

«ክር የለውም ወይ ነው የምልሽ!»

«አለው።»

«ምላሱን መቁረጥሽ አናዶኛል። ከሱ በላይ ግን ያናደደኝ ሳትጠይቂያቸው መቁረጥሽ ነው።» ከዚያ ድምፁ ወረደ፤ ምላሱን ወደ ደረት ኪሱ ከተተው። «ኑአላ ድንች ስትልጥ ነበር ይሄን ስሠራ። 'ቁራህ ጮኸ ወይ?' ትለኛለች በየደቂቃው። እኔ እላታለሁ፣ 'ገና እየተንጠራራ ነው'።»

ዴርቭላ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ሽማግሌው አልቅሳ እስክትጨርስ ሊጠብቃት ሞከረ። ግን ብዙ አልቆየም፤ ትዕግሥት የቤተሰቡ ሀብት አይደለም።

«በቃሽ። አልጋዬ ሥር የቆርቆሮ ሣጥን አለች። አውጪያት።»

በሣጥኗ ውስጥ ከስፔን የመጣ የቆየ መቃ፣ ሰም የተቀባ ክር፣ ትንንሽ የመዳብ ቱቦዎችና እጀታው ከዩናን እጅ ጋር አብሮ ያረጀ ቢላዋ ነበሩ።

«እጄ ሞቷል፤ አፌ ግን ደህና ነው» አለ። «ያንቺ ደግሞ እጅሽ ደህና ነው፣ ጭንቅላትሽ ነው የሞተው። ሁለታችንን ብንደምር አንድ ሰው ይወጣናል።»

ከዚያ በኋላ ያለው ክረምት እንዲያ ሆነ። ዴርቭላ ከፋብሪካ ወጥታ ቲሊን ትወጣለች፤ መቃ ትፈልጣለች፣ ሆዱን ትቦረቡራለች፣ ትፍቃለች። ሽማግሌው ከወንበሩ ሆኖ ይሰድባታል።

«ቀስ! ዓሣ መሰለሽ? አጥንት እየፈለግሽ ነው?»

«አልፈለግሁም!»

«እንግዲያው ማን ነው የሚያባርርሽ? አሁን የፋቅሽውን መቃው ሁለተኛ አይሰጥሽም። ፍቀሽ ትተነፍሻለሽ። ተንፍሰሽ ታያለሽ። አይተሽ ከተጠራጠርሽ አስቀምጠሽ ሻይ ታፈያለሽ።»

ፍቀሽ ተንፍሺ! ለዴርቭላ ከዚህ የከፋ ቅጣት አልነበረም። ጣቶቿ ወደፊት ይሄዳሉ፤ የአጎቷ ድምፅ መልሶ ይስባታል። አንዱ ተሰነጠቀ። አንዱ ጮኸ፤ ዋሽንት ውስጥ ሲገባ ዲዳ ሆነ። አንዱ ለአንድ ቀን የሚያምር ድምፅ ሰጥቶ በማግስቱ ብርድ ሲሆን ጠፋ። ምድጃው ውስጥ ከአፈሩ ጋር የነደደው መቃ ብዙ ነው። በመካከል ፌሊም ይደውላል።

«የት ነሽ? ያንቺን ብቻ ነው የምንጠብቀው!»

«እየሠራሁ ነው።»

«ምን?»

«መጥቼ እነግርሃለሁ።»

አልሄደችም። በሌሊት በሕልሟ ጉድ ይታያት ጀመር፤ የመቃው ምላስ አፏ ውስጥ ሆኖ መናገር ሲያቅታት። እንቅልፍ ሲነሳት ወደ ባሕሩ ወጥታ ትቆማለች፤ ማዕበሉ ገደሉን ይመታና ይመለሳል፣ እንደ እሷ ማረፍ የለውም።

የአገሩ ክረምት ሳይወጣ፣ በየካቲት ወር አንድ ከሰዓት በኋላ፣ አንዱን ምላስ ፍቃ፣ ተንፍሳ፣ ተጠራጥራ፣ ሻይ አፈላች። ሻዩን ተቀምጣ ጠጣች። ተመልሳ ሁለት ጊዜ ብቻ ፋቀችና ከከንፈሯ አስገባችው።

ቁራው ጮኸ። ሻካራ፣ ወፍራም፣ የተቆጣ ቁራ።

ዩናን ቀና አለ። «ስኪው።»

ሰክታ፣ ተጭና፣ ለቅሶውን ነፋች። ድምፁ የድሮው አልነበረም። የድሮው ጥርት ያለ ነበር፤ ይኼ ሲያለቅስ አድሮ ድምፁ የሰለለ ሰው ይመስላል። ከድሮውም ትንሽ ወረድ ይላል። «ልጄ» ከምትለዋ ላይ ሲደርስ ግን ሳጉ መጣ፤ የራሱ ሳግ። ዴርቭላ ጨረሰችና አጎቷን ለማየት ፈራች። ሽማግሌው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ነበር።

«የኑአላ ክረምት አይደለም» አለ።

«አይደለም። አውቃለሁ።»

«ሌላ ክረምት ነው።» ዓይኑን በግራ እጁ ጀርባ ጠረገ። «ይቆያል፤ ካልቆረጥሽው። እነዚያ ዱቄታሞች መቼ ነው የሚገናኙት?»

ቅዳሜ ቀትር ላይ ተሽከርካሪ ወንበሩን እየገፋች ወደ መረብ ማከማቻው ገባች። ፌሊም ሽማግሌውን ሲያይ ሊናገር የነበረውን ዋጠ፤ ኮፍያውን አወለቀ። ብሮና ከድራሟ ኋላ ዘልላ መጥታ ብርድ ልብሱን በሙያዋ አስተካከለችለት።

«እንኳን ደህና መጡ። ጩኸታችንን ይችሉታል?»

«ልጄ፣ ሃምሳ ዓመት ሙሉ በመጋዝ መካከል የኖርኩ ነኝ» አላት።

ዴርቭላ አጎቷን አየችው፤ እንዲናገርላት። እሱ የጣሪያውን ቆርቆሮ ይቆጥራል። ገባት። ጣቶቿ ጭኗን ሲደልቁ ያዘቻቸው።

«ፌሊም፣ እንደገና መቅረጽ አለባችሁ።»

«ምን?»

«ጊታሮቹን። ሁሉንም። ወደ እኔ ትወርዳላችሁ። ዋሽንቴ ወደ እናንተ አይመጣም። ላመጣው ብዬ ነፍሱን አጥፍቼበት ነበር። የከረምኩት ሌላ ስሠራ ነው።»

«ስድስት ዘፈን እኮ ነው፣ ዴርቭላ! ስድስት! ኦራን ጣቱ ቆስሎ ነው የጨረሰው!»

«አውቃለሁ።»

«ደግሞ ያ ዋሽንትሽ የሚቆምበት ድምፅ ስም እንኳ የለውም። ማንም እዚያ አይቃኝም!»

«ስለዚህ ነው የምወደው።»

«እምቢ ብንልስ?»

ይህን ቃል ነበር ያን ጊዜ ሁሉ የፈራችው። አሁን ሲመጣ እንደ ማንኛውም ቃል ነበር። «እምቢ ካላችሁ እወጣለሁ። በኮምፒውተር አስገቡት። እኔ ግን እለየዋለሁ።»

ብሮና በትሯን ጉልበቷ ላይ አንኳኳች። «እኔ ድራም ነኝ፤ ማን ቢወጣ ማን ቢወርድ ግድ የለኝም። ግን ፌሊም፣ ለራስህ ጩኸት ጊዜ ስንት ሳምንት እንደጠበቅንህ አስታውስ፤ ጉሮሮዬን ብርድ መታኝ ብለህ።»

ኦራን ሳቀ። ፌሊም አልሳቀም። ጊታሩን አንስቶ ዴርቭላን ሳያያት፣ «ድምፁን ስጪኝ» አለ።

ተጫነች። ሦስቱ አጃቢ ቱቦዎች ነቁና በማከማቻው ውስጥ ያችን ስም የሌላትን ድምፅ ዘረጓት። ፌሊም መዘውሩን ጠመዘዘ፤ ክሩ እንደላላ የአጥር ሽቦ ተንጓጓ። አጉረመረመ፤ ጠመዘዘ። ኦራንም ተከተለው። ብሮና አራት ጊዜ መታችና ገቡ።

የላሉት ክሮች ከዚህ በፊት ያልነበራቸውን ክብደት ይዘው መጡ፤ እንደ ሩቅ ባሕር ሳይሆን ደጅ ላይ እንደደረሰ ባሕር። ከሥራቸው ዋሽንቱ በሰለለ ድምፁ ያለቅሳል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ማንም አልተኳረፈም። ፌሊም «ጀልባውን መለስከው» ብሎ ሲጮህ የገዛ ጩኸቱ ገርሞት ወደ ዴርቭላ ዞረ። ዘፈኑ ሲያልቅ ጣሪያው ለጥቂት ጊዜ ይነዝር ነበር።  ሁሉም ወደ ወንበሩ ዞሩ።

ዩናን አገጩን ደረቱ ላይ ጥሏል። የተኛ መስሏቸው ነበር።

«ያ በግራ በኩል ያለው ጊታር» አለ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ።

ፌሊም ጊታሩን አቅፎ አንድ እርምጃ ቀረበ። «የኔ ነው፣ አባቴ።»

«ገና ከፍ ይላል። አውርደው።»

ፌሊም ሊከራከር አፉን ከፈተ፤ ከዚያ ጆሮውን ወደ ክሩ አስጠግቶ ነካው። ሽማግሌው እውነቱን ነበር። መዘውሩን ያዘ።

«ድምፁን ስጪኝ፣ ዴርቭላ» አለ።